ምግቡ ይከፈት?

አንድ የጥር እሑድ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሠርግ አዳራሽ 500 የሚጠጋ ሰው ተቀምጧል። መጥሪያው ላይ የተጻፈው 6 ሰዓት ነበር፤ ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም። ድግሱን የምትመራው ሴት ነጭ ሽርጧን እንዳሸረጠች ከኩሽና ወጥታ ወደ ሙሽሪት አባት ጠጋ አለችና "ጋሼ፣ ምግቡ ይከፈት ወይስ እንጠብቅ?" አለቻቸው። እሳቸው በሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። "እስቲ ልጄ፣ የወንዱን ወገን ጠይቂ። እኛ ከፍተን ቅር እንዳይላቸው።" ሄደች። የሙሽራው አጎት ከወንበራቸው ብድግ ብለው በትሕትና መለሱላት፤ "ኧረ እኛ ምን ብለን! የቤቱ ጌታ ያሉትን ነው እንጂ።" የአንደኛ ሚዜውን ስልክ ደወለች፤ አይነሣም። መድረክ መሪው "እኔ የታዘዝኩት ሙሽሮች ሲገቡ እንድጀምር ነው" አላት። በመጨረሻ ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ተመልሳ የዶሮ ወጡን ክዳን ከፍ አድርጋ እንፋሎቱን አየች። መልሳ ከደነችው።

ያ ክዳን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ወጡ በሥርዓቱ ተሠርቷል። ሒሳቡ ተከፍሏል። አስተናጋጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። እንግዳው በጨዋነት ለስላሳውን እየጠጣ ይጠብቃል። የጎደለው አንድ ቃል ነው፤ "ክፈቱ" ወይም "ጠብቁ"። ያንን ቃል ለመናገር የተፈቀደለት ሰው ግን 500 ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አንድም አልነበረም።

የሠርግ ዝግጅት ሲነሣ የምንነጋገረው ስለሚገዛና ስለሚከራይ ነገር ነው፤ አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ኬክ፣ መኪና፣ ካሜራ፣ ከብት። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ይጠየቃል፣ ይወዳደራል፣ ቀብድ ይከፈላል። ማን ምን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ግን የትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባላል። በርበሬውንስ ከወራት በፊት ቀንጥሰን፣ አስደልዘን፣ አስፈጭተን አስቀምጠናል። ሠርገኛ ከመጣ በኋላ የምንቀነጥሰው ውሳኔውን ነው።

6 ሰዓት ከየት መጣ?

የዚያ ቀን መዘግየት ከማንም ስንፍና የመጣ አይደለም። 6 ሰዓት መጀመሪያውኑ ሊደረስበት የማይችል ሰዓት ነበር። ቀኑን ከንጋት ጀምረን ብንቆጥረው ይገባናል።

ተክሊል ከቅዳሴ ጋር የሚፈጸም፣ ሙሽሮቹ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉበት ሥርዓት ነው። ሌሊት የተጀመረው የእሑድ ቅዳሴ አልቆ፣ ትምህርቱና ምርቃቱ ተጨምሮ፣ ዘመድ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ስሞ ከቅጥሩ ሲወጡ 3 ሰዓት ተኩል ቢሆን ደግ ነው። ቤት እስኪደርሱ 4 ሰዓት። ለቁርባን 18 ሰዓት ይጾማል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የቆረበ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰም ማለት ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጀመሪያው ሥራ ቁርስ ነው። ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ጉልበቷ የሚከዳት ሙሽራ አብዛኛውን ጊዜ ያልበላች ሙሽራ ናት። ለቁርሱ 40 ደቂቃ እንስጠው፤ 4፡40 ሆነ።

ሜካፕ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከንፈሯን ተቀብታ የምትቆርብ የለችምና ጸጉሩም ፊቱም ሌሊት ተሠርቶ ሊያድር አይችልም። ለሙሽራ ጸጉርና ሜካፕ ቢያንስ 2 ሰዓት ይወስዳል፤ 6፡40። ቬሎው ከኋላ በገመድ የሚጠብቅ ከሆነ ማሰሩ ብቻውን 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከመጋረጃው፣ ከጫማውና ከጌጡ ጋር 30 ደቂቃ፤ 7፡10። ሙሽራው ከነአጃቢው ይመጣል፤ በር ላይ ጭፈራ አለ፣ ሽቶ መርጨት አለ፣ የወላጆች ምርቃት አለ፣ የጉልበት መሳም አለ። ይህን ማንም ሊያሳጥረው አይገባም፤ ከቀኑ ሁሉ ልብ የሚነካው ይኸው ነው። 45 ደቂቃ እንበለው፤ 8 ሰዓት ሊሆን 5 ጉዳይ። መንገዱ ቢቀና በ35 ደቂቃ አዳራሽ ይደረሳል። 8 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ እስካሁን አንድም የመናፈሻ ፎቶ አልተነሣም።

እንግዲህ መጥሪያው ላይ 6 ሰዓት የጻፈው ማን ነው? ይህን ስሌት የሠራ ሰው አይደለም። "ሰው አርፍዶ ነው የሚመጣው፣ ቀደም አድርገን እንጻፍ" ተብሎ ነው የተጻፈው። እንግዳው ደግሞ "መቼም በሰዓቱ አይጀመርም" ብሎ ያረፍዳል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ስህተት እየመገበ ዓመት ከዓመት ይቀጥላል። መሐል ላይ የሚጎዱት በሰዓቱ የመጡት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዛውንቶች፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች፣ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ናቸው።

መፍትሔዎቹ ከባድ አይደሉም። ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ ተክሊሉንና የአዳራሹን ግብዣ በተለያየ ቀን ማድረግ ከተቻለ ግማሹ ችግር ይፈታል። ካልተቻለ የምሳውን ሰዓት ወደ እውነተኛው ቦታ ማምጣት ነው። ሜካፕ ሠሪዋን ብቻዋን አለመጥራትም ይጠቅማል፤ አምስት ሴት ሚዜዎች በ45 ደቂቃ ቢሰሉ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ይህ ሙሽራዋ ቤተ ክርስቲያን ሳለች በሌላ ሰው ማለቅ አለበት። ሙሽራዋንም መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ከእሷ በኋላ አንዲት ሚዜ ብትቀር የተፈጠረውን መዘግየት የምትሸከመው ያቺ ሚዜ ትሆናለች።

ፎቶውን ደግሞ ከሠርጉ ቀን ማውጣት ይሻላል። የጥር እሑድ ወዳጅነት ፓርክም ሆነ እንጦጦ ፓርክ የሄደ ሰው ስንት ቬሎ ተራ እንደሚጠብቅ ያውቀዋል። በአዘቦት ቀን፣ በጠዋት ብርሃን፣ ሳይቸኩሉ የተነሡት ፎቶ ከቀትር ፀሐይ ፎቶ በብዙ ይበልጣል። ለሠርጉ ዕለት የሚቀረው የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ እሱም ዝርዝር ይፈልጋል። አንድ ቡድን ተጠርቶ፣ ተሰልፎ፣ ተነሥቶ እስኪበተን 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ 15 ቡድን ካለ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። ካሜራማኑ የማንም አክስት ማን እንደሆነች አያውቅም። ከየወገኑ ዘመዱን በስም የሚጠራ አንድ ድምፀ ሰፊ ሰው ከጎኑ ይቁም።

ስለ ቀን መቁረጥም አንድ ነገር ልበል። በጾም ተክሊል የለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚደግሰው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በየዓመቱ እኩል አይደለም። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ጾምን ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ያስገባዋል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ የሚቀሩት እሑዶች ሦስት ገደማ ብቻ ናቸው፤ በሚዘገይበት ዓመት ግን ሰባትና ስምንት ይደርሳሉ። የነነዌ ሦስቱ ቀናትም መሐል አሉ። አዳራሽ ከመፈለግ በፊት የዓመቱን አጽዋማት ማየት ያስፈልጋል። ጠባብ ዓመት ከሆነ አዳራሹም፣ ካሜራማኑም፣ ድግስ ሠሪዋም በአንድ እሑድ ሁለት ሠርግ የመያዝ ፈተና አለባቸው፤ የእናንተ መዘግየት የማታውን ሠርግ ይነካል፣ የጠዋቱ ሠርግ መዘግየትም እናንተን። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለድግስ ሰፋ ያሉ ናቸው።

220 ካርድ ስንት ሰው ነው?

"220 ካርድ ነው የበተንነው፤ ምግቡ ለ300 ሰው ይበቃል" የሚል ስሌት ብዙ ቤት ይሰማል። ካርዶቹን በላያቸው በተጻፈው መሠረት ለይተን እንቁጠራቸው። 40ዎቹ ለአንድ ሰው ናቸው፤ 40። 80ዎቹ "ከነባለቤትዎ" ይላሉ፤ 160። 100ዎቹ "ከነቤተሰብዎ" ይላሉ፤ በዝቅተኛው በሦስት ብናባዛው 300። ድምሩ 500 ነው። "ከነቤተሰብዎ" የምትለው ቃል ደስ የምትል ቃል ናት፤ ግን ድግሱን የምታሳብጠው እሷ ናት። እዚህ አገር ለመጥሪያ "እመጣለሁ፣ አልመጣም" ብሎ ቀድሞ የሚመልስ ጥቂት ነውና ቁጥሩን የምንቆጣጠረው ካርዱ ሲጻፍ ብቻ ነው።

500 ሰው ማለት በኩሽና ቋንቋ እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢያዝ 1,000 እንጀራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል ያወጣል፤ 50 የምጣድ ሰዓት ነው። አምስት ምጣድ ቢጣድ 10 ሰዓት ይፈጃል። እንጀራው ሐሙስ ተጋግሮ ቢቀመጥ እሑድ ይደርቃል ወይም ይሻግታል፤ ቅዳሜ ነው መጋገር ያለበት። ቅዳሜ መብራት ቢጠፋ ደግሞ የተቦካው ሊጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ግማሹን በሌላ ሰፈር ማስጋገር ወይም የማገዶ ምጣድ ማዘጋጀት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ከታሰበ 42 ዶሮና 500 እንቁላል ያስፈልጋል። ለአንድ ዶሮ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ብንል 63 ኪሎ ሽንኩርት ሆነ። ይህ ሽንኩርት በትልቅ ድስት ያለ ዘይት ሲቁላላ ውኃው ተንኖ እስኪጠፋ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል። ሴቶቹ ለደቂቃ እጃቸውን ከማማሰያው ካነሡ ሥር ይይዝና ሽታው በወጡ ሁሉ ይገባል፤ ምንም ቅመም አያወጣውም። ቅዳሜ ማታ መቁላላት ያለበት ለዚህ ነው፤ በተራ የሚያማስሉ ሴቶች ቁጥርም ከሽንኩርቱ ኪሎ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

የሙስሊም እንግዶች ምግብ ከመጀመሪያው ለብቻው ይታቀድ። በሙስሊም የታረደ፣ በራሱ ድስት የተሠራ፣ በራሱ ጭልፋ የሚወጣ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው። አንዱ አስተናጋጅ ጭልፋ ሲያጣ ከዚያኛው ጠረጴዛ ያነሣል። የተከበረ ጎረቤት ሳይበላ ቢሄድ ጥፋቱ የእኛ ነው። ጠረጴዛውን አንድ ሙስሊም ወዳጅ እንዲጠብቀው መጠየቅ እንግዳውንም ያሳርፈዋል። ቁርጥ የሚቀርብ ከሆነ ከቄራ ማኅተም ያለው ሥጋ ይምጣ፤ ቀትር ላይ ለሰዓታት ተሰቅሎ ከሚውል በሁለት ጊዜ ቢመጣ ይመረጣል።

20 ሰከንድ

ብዙ ሰው ምግቡ በቃ ወይስ አልበቃም ብሎ ይጨነቃል እንጂ ምግቡ በስንት ደቂቃ ወደ ሰው ይደርሳል ብሎ አያሰላም። አንድ እንግዳ ሳህን አንሥቶ ሲያልፍ ከኋላው ያለው እስኪከተለው 20 ሰከንድ ያህል ይቆጠራል። 500 ሰው በአንድ መስመር ቢሰለፍ 10,000 ሰከንድ፤ ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳህን ሲያነሣ የመጀመሪያው ቡና ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ያው ምግብ በሁለት ጠረጴዛ ተከፍሎ ሰው በሁለቱም ወገን ቢያልፍ አራት መስመር ይሆናል፤ 42 ደቂቃ ይበቃዋል። ለዚህ የሚጨመር ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ማራቅ ነው።

መስመሩ የሚታነቅበት ቦታም ይታወቃል። ዶሮ ወጥ ተቆጥሮ የሚወጣ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው እዚያ ይቆማል፤ ጭን ነው ክንፍ ነው እየተባለ ጊዜ ይሄዳል። ከመስመሩ መጨረሻ ይቀመጥና ሁለት ሴቶች ያውጡት። እንጀራው ተጠቅልሎና ተቆርጦ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ቁርጡ ከመስመሩ ፈጽሞ ይውጣ፤ ለብቻው ጥግ ይያዝ። ለካህናት፣ ለሽማግሌዎችና መቆም ለሚያቅታቸው ባሉበት ይቅረብላቸው፤ ለዚህ የተመደቡ ሁለት አስተናጋጆች ሌላ ሥራ አይሰጣቸው።

መዘግየቱ ምግቡን ምን እንደሚያደርገው ማወቅም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ መቆየት የለበትም፤ ማሞቂያው ሥር ያለው ነዳጅ ደግሞ የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚነድደው። 6 ሰዓት ላይ ከተለኮሰ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አንዳንዱ መጥፋት ይጀምራል። ዶሮ ወጥ ይታገሣል። ጥብሱ ይጠነክራል፣ ሰላጣው ይጠወልጋል፣ ሩዙ ይያያዛል። ክትፎው ከሁሉ በፊት ይከዳል፤ ቅቤው ይረጋል፣ ለብ ብሎ ያልበሰለ ሥጋም ሲቆይ ያስፈራል። ድግሱን የምትመራው ሴት ክዳኑን ከፍ አድርጋ ያየችው ይህን ነበር። እሷ የምታውቀውን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው አላወቀውም፤ እሷ ደግሞ የማዘዝ ሥልጣን አልነበራትም።

ማንም ያልተናገረው ቃል

የአባትየውንና የአጎትየውን መልስ ደጋግሜ ሳስበው ጥፋት አላገኘሁበትም። የሙሽሪት አባት ልጅ ሰጪ ናቸው። ሙሽሮች ሳይገቡ ምግብ ቢያስከፍቱ "ልጃቸውን እንኳ አልጠበቁም" ይባላሉ። የሙሽራው አጎት ደግሞ ከአዲስ ዝምድና ፊት "ለሆዳቸው ነው የመጡት" እንዳይባሉ ሰግተዋል። ሁለቱም የተቆጠቡት አንዳቸው ሌላቸውን አክብረው ነው። ይሉኝታ በመልካም ጎኑ ይኸው ነው፤ አማች ለአማች የሚያሳየው ጥንቃቄ። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ሲገናኝ 500 ሰው ይራባል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ሁለቱ የተከበሩ ሰዎች ዝም በማለታቸው ክብራቸው አልዳነም፤ እንግዳው ሲወጣ ያጉረመረመው በሁለቱም ላይ ነው።

ታዲያ ለዚያች ሰዓት ከሁለቱ አንዳቸውን መውቀስ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ወደ እነሱ መምጣት አልነበረበትም። አባት በልጁ ሠርግ ቀን ስለ ወጥ ሙቀት የሚወስንበት አንደበት የለውም። ሚዜም ስልክ አያነሣም፤ መኪና ውስጥ ከሙሽሮች ጋር እየዘፈነ ነው፣ መሆንም ያለበት እዚያ ነው። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ የሚያስበው አዳራሹን ለማታው ሠርግ ስለማስረከብ ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር ሰው በማዕረጉ ተራ በተራ እየገባ ይበላ ነበር፤ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያዝዘው አጋፋሪ ነበር። አፄ ምኒልክ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም አንድነት ፓርክ ውስጥ ይጎበኛል፤ ስፋቱን ያየ ሰው ያለ አጋፋሪ እዚያ ግብር ማብላት እንደማይቻል ወዲያው ይገባዋል። በገጠሩ ዳስም ቢሆን ሰው በዙር ይገባል፤ በሩ ላይ የሚቆመው ጎልማሳ "እናንተ ቆዩ፣ እናንተ ግቡ" ሲል ማንም አይቀየመውም፤ ሥራው መሆኑ ይታወቃልና። እኛ ከዳስ ወደ አዳራሽ ስንገባ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ ሙዚቃውን ጨመርን። አጋፋሪውን በሩ ላይ ትተነው ገባን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ለሥራው በትክክል ይሠራል፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ካርድ ማደል፣ እንግዳ መቀበል ሁሉ ለሃምሳ ሰው ይከፋፈል። ውሳኔ ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም። ለሃምሳ ሰው የተከፋፈለ ውሳኔ የማንም አይሆንም።

አንድ ገጽ ወረቀት

ስለዚህ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው አንድ ሰው ይምረጡ። ሁለቱም የሚያከብሩት፣ ከሙሽሮች ጋር መሄድ የማይጠበቅበት፣ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ የሚውል፣ ለመናገር የማይፈራ። የሁለቱ ቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ጎልማሳ ወይም ቆፍጣና እናት ይመረጣሉ፤ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ባይሆን ይሻላል። ስሙ ለድግስ ሠሪዋ፣ ለመድረክ መሪው፣ ለካሜራማኑና ለአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሁለቱም አባቶች ባሉበት ይነገር። "ከእሱ ቃል በቀር አትስሙ" የሚለው ከአባቶቹ አፍ መውጣት አለበት፤ ይሉኝታውን የሚያነሣው እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ሙሽሮች ከቤት ሲነሡ ደዋዩ ማን እንደሆነ፤ ይህ የሚዜ ሥራ መሆን የለበትም፣ የመጀመሪያው አጃቢ መኪና ሹፌር ቢያደርገው ይሻላል። ሹፌሮቹ ሁሉ የአዳራሹን ቦታ ይወቁ፤ አጃቢው በመብራት ቢቆራረጥ የቀረውን መጠበቅ አያስፈልግም። ቡራኬውን ማን እንደሚሰጥ፣ እሳቸው ቢዘገዩ ማን እንደሚተካቸው። የስጦታው ሣጥን ቁልፍ ከማን ጋር እንደሆነና ከየወገኑ አንድ፣ ሁለት ጠባቂዎች እነማን እንደሆኑ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ማን ጠዋት እንደሚያይ። ድምፅ ማጉያው ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ መራቁን ማን እንደሚያረጋግጥ።

የጋብቻ ምዝገባውን ከዚህ ወረቀት አውጡት፤ የራሱ ቀን ይኑረው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ግን መመዝገብ አለበት። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡ ደግሞ ሐሳባቸውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ማቅረብ ይጠበቃል። አራት ሰው በሥራ ቀን ማሰባሰብ ቀላል ስላልሆነ ከድግሱ ግርግር ቀደም ብሎ ይያዝ።

ከሁሉ በላይ አንዲት መስመር ትጻፍ። ለምሳሌ፦ "ሙሽሮች እስከ 7 ሰዓት ተኩል ካልደረሱ ማዕድ ተባርኮ ምግብ ይከፈታል።" ሰዓቱን ሙሽሮቹ ራሳቸው ይወስኑት፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ይህች መስመር ሙሽሪትን የምታስከፋ ከመሰላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቋት። አብዛኞቹ ሙሽሮች መኪና ውስጥ ሆነው የሚጨነቁት ምግቡ ሳይጠብቀን ተከፍቶ ይሆን ብለው ሳይሆን ሰው ተርቦብን ይሆን ብለው ነው። መግቢያቸውም አይበላሽም። የጠገበ እንግዳ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል፣ ይጨፍራል፤ የራበው ሰው ሲያጨበጭብ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ነው።

በዚያው ወረቀት ግርጌ ለኩሽናው የምትሄድ አንዲት ትእዛዝ ትጨመር። ምግቡ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ሳህን ይውጣ፤ ለሙሽራው አንድ፣ ለሙሽሪት አንድ፤ ከዶሮውም፣ ከእንቁላሉም፣ እያንዳንዳቸው ከሚወዱት። ተሸፍኖ፣ ስማቸው ተጽፎበት፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከመድረክ ሲወርዱ የሚያቀርብላቸው ሰው ስምም ከጎኑ ይጻፍ።